ያልተጻፈ ዕዳ አይሰረዝም

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የፈጀሁት በሂሳብ ሥራ ነው። መዝገብ ላይ ያልሰፈረ ዕዳ አይሰረዝም። መጀመሪያ ማን ምን ያህል እንዳለበት ይጻፋል፤ መሰረዝ ከዚያ በኋላ ነው።

በይቅርታ ግን ይህን ሥርዓት ዘልዬ ነበር። በወጣትነቴ አንድ የሥራ ባልደረባዬ የራሱን ስህተት በእኔ ላይ አላከከ። የደረጃ ዕድገቴ ቀረ። «ምንም አይደለም፣ ትቼዋለሁ» አልኩ። ግን ስሙ በተነሳ ቁጥር ፊቴ ይጠቁራል። ለካ ዕዳውን ደበቅሁት እንጂ አልሰረዝኩትም።

ማቴዎስ 18 ላይ ያለውን ባሪያ ታውቁታላችሁ። 10,000 መክሊት ተማረለት፤ ወጣ ብሎ መቶ ዲናር ያለበትን ባልንጀራውን አነቀ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቶሎ ያልፋል፤ እኔ የቁጥር ሰው ነኝና ቆም እላለሁ። አንድ ዲናር የአንድ ቀን የጉልበት ዋጋ ነበር። መቶ ዲናር እንግዲህ የመቶ ቀን ላብ ነው። ቀላል ገንዘብ አይደለም! ጌታ የተበደላችሁት ነገር ኢምንት ነው አላለም። አንድ መክሊት ደግሞ ወደ 6,000 ዲናር ይጠጋል። 10,000ው ሲሰላ 60 ሚሊዮን የሥራ ቀን ይሆናል። ይህን የሚከፍል ዕድሜ ያለው ሰው የለም። ይቅር በሉ የተባልነው ይህ ሁሉ የተማረልን እኛ ነን።

ዮሴፍም ወንድሞቹን «ምንም አላደረጋችሁኝም» አላላቸውም። ክፉ እንዳሰቡበት ፊት ለፊት ነገራቸው፤ ግን መገባቸው። ማንነቱን ከመግለጡ በፊት ደግሞ ፈትኗቸዋል። ይቅርታና አመኔታ ለየቅል ናቸው። ያጭበረበራችሁን ሰው ይቅር ብላችሁ የካዝናውን ቁልፍ ልትነፍጉት ትችላላችሁ። የሚደበድባችሁ ሰው ካለም ሽሹ፣ ለሕግም ተናገሩ፤ ይህ ቂም አይደለም። ጳጳሱ ዳግማዊ ዮሐንስ ጳውሎስ በ1981 እ.ኤ.አ. የተኮሰባቸውን ሰው ይቅር ብለውታል፤ በ1983 ሊያዩት የሄዱት ግን እዚያው የታሰረበት ወህኒ ቤት ነው።

አንድ ማታ ወረቀት አውጥቼ ያጣሁትን ሁሉ ጻፍኩ። ዕድገቱን፣ ውርደቱን፣ ያላገኘሁትን ደመወዝ። ከዚያ አባታችን ሆይ ደገምኩና «የበደሉንን» የሚለው ላይ ስሙን አስገባሁ። በነጋታው ንዴቱ ተመለሰ። ደግሜ ጸለይኩ። «ሰባ ጊዜ ሰባት» የተባለው ለተለያየ በደል ብቻ አይመስለኝም፤ ያው አንዱ በደል በየማለዳው ሲመጣም ይሠራል።

ከዓመታት በኋላ መንገድ ላይ ተገናኘን። ይቅርታ አልጠየቀኝም። ቀድሜ ሰላም አልኩትና ስለ ልጆቹ ጠየቅሁት። ትንሿ ታማ ነበር። ቆመን ብዙ አወራን።