ስሜ የት ገባ?

ጤና ይስጥልኝ። የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፣ የሳቢያን። አንቱታ አይሆንልኝምና «አንተ» ስልህ እንዳይከፋህ።

ቀን ታይዋን ገበያ የዘመዴ ሱቅ ውስጥ ስልክ እሸጣለሁ፣ ማታ ግጥምና ዜማ እሠራለሁ። አምና ከዚራ ሰፈር ፊልም ሲቀርጹ ከነበሩ ሰዎች ጋር ተዋወቅንና የማጀቢያ ዘፈን አሠሩኝ። በቃል ተስማምተን 8,000 ብር ሰጡኝ። ዳይሬክተሩ ግጥሙን ሦስት ጊዜ አስቀየረኝ፤ በመጨረሻም ሁለተኛውን አንጓ ቆርጦ ጣለው። ፊልሙ ሲወጣ ጎረቤቱን ሰብስበን አየን። መጨረሻው ላይ የዘፋኙ ስም አለ፣ የአቀናባሪው አለ፣ ምግብ ያቀረበችው ሴትዮ እንኳ አለች። እኔ የለሁም። እናቴ «ቶሎ አለፈብን መሰለኝ፣ እስቲ መልሰው» አለችኝ። አሁን ለሌላ ፊልም ደውለውልኛል። ልሂድ ወይስ ሱቄ ይሻለኛል?

መልስ፦

ወንድሜ፣ «አንተ» በለኝ፣ ድሬን አውቃታለሁ።

ሁለቱን ነገር አትቀላቅል። የአንጓው መቆረጥ የሙያው ጠባይ ነው። ለምሳሌ ዘፈኑ የሚገባበት ትዕይንት ላይ ተዋናይዋ ባቡር ጣቢያ ደጃፍ የምትቆመው አርባ ሰከንድ ከሆነ ሁለተኛው አንጓ የሚገባበት ቦታ የለም። (እኔም ብሆን እበሳጭ ነበር፣ አልዋሽህም።) ደብተርህ ላይ አቆየው። ከእንግዲህ ግን ትዕይንቱን ሳታይና ርዝመቱን በሰከንድ ሳትጠይቅ ብዕር አታንሳ።

ስምህ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራው አመንጪ (እንዳንተ ግጥሙንና ዜማውን የሠራው ሰው) ስሙ እንዲጠቀስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። የኢኮኖሚ መብት፣ ማለትም በሥራው የመጠቀምና ገንዘብ የማግኘት መብት፣ የሚተላለፈውም በጽሑፍ ነው ይላል፤ ስለዚህ በቃል በተቀበልካት 8,000 ብር ዘፈኑን ጠቅልለህ ሸጠሃል ማለት ይከብዳል። የ«ታይታኒክ»ን ዘፈን ሁላችንም የሴሊን ዲዮን እንለዋለን፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ኦስካሩን የወሰዱት ግን ዜማውን የሠራው ጄምስ ሆርነርና ግጥሙን የጻፈው ዊል ጄኒንግስ ናቸው።

መጀመሪያ ለፕሮዲውሰሩ በጽሑፍ፣ ሳትቆጣ፣ ስምህ እንዲገባ ጠይቀው። ፊልሙ ዩቲዩብ ላይ ካለ መግለጫው ላይ መጨመር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ለአዲሱ ፊልም ሂድ፤ ውሉ ላይ ቀብዱ፣ «ግጥምና ዜማ» ተብሎ የሚጻፈው ስምህ፣ ዘፈኑ ለብቻው ከተለቀቀም ድርሻህ ይስፈር። ሱቁን ገና አትልቀቅ፤ በአንድ ፊልምና በሌላው መካከል ስንት ወር እንደሚያልፍ ማንም አይነግርህም። ደግሞ ሳትፈራረሙ ግጥሙን በቴሌግራም እንዳትልክላቸው።