በመካከለኛው ዘመን ፈረንሳይኛ የእንስሳት ድምፅ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በዚያ ዘመን የእንስሳትን ድምፅ የሚዘረዝር የፈረንሳይኛ ጽሑፍ በእርግጥ አለ? ለማንስ ተጻፈ?

መልስ፦ አለ። እኔ አብልጬ የምወደው በ13ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ የኤሴክሱ ባላባት ዋልተር ዘ ቢብስዎርዝ በግጥም ያዘጋጀውን የቋንቋ ማስተማሪያ ነው። ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ፈረንሳይኛ የመኳንንቱና የርስት አስተዳደሩ ቋንቋ ሆኖ ቢቆይም፣ በዋልተር ዘመን ብዙ የመኳንንት ልጆች አፋቸውን የሚፈቱት በእንግሊዝኛ ስለነበር፣ ዲዮኒዚያ ደ ሙንሸንሲ የተባለች እመቤት ልጆቿን የምታስተምርበት ጽሑፍ አስፈልጓት ነበር። ከስንኞቹ በላይ የእንግሊዝኛ ፍቺ ጣል ጣል ተደርጎ መገኘቱም ይህንኑ ያስረዳል።

ጥያቄ፦ ጥቂት ቃላት ቢጠቅሱልን?

መልስ፦ ዝርዝሩ የሚጀምረው «ኦም ፓርል» ብሎ፣ ማለትም ሰው ይናገራል ብሎ ነው። ከዚያ በኋላ ላሟ «ሙጂስት»፣ አንበሳው «ሩጂስት»፣ ፈረሱ «ሄኒስት»፣ እባቡ «ሲፍል»፣ ድመቷ ደግሞ «ሚሙን» ይባልላቸዋል። እኛ ፈረስ ያሽካካል፣ አህያ ያናፋል፣ አንበሳ ያገሣል እንደምንለው ሁሉ፣ ለሁሉም «ይጮኻል» ማለት ቋንቋውን አለማወቅን ያጋልጥ ነበር። እጅግ የሚያስደስተኝ ግን ግሩ የምትባለው ባለረጅም እግር ወፍ «ግሩል» ከተባለላት በኋላ፣ ድምፅ የሌለው ኩድር የተባለ ቁጥቋጦ «ክሩል»፣ ማለትም ይንቀጠቀጣል፣ ተብሎ በእንስሳቱ መካከል መግባቱ ነው፤ ቤት እንዲመታና በልጆች አእምሮ እንዲቀር ታስቦ የገባ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ቃላቱ ድምፁን በመምሰል በዚያው ዘመን የተፈጠሩ ናቸው?

መልስ፦ አብዛኞቹ የላቲን ውርስ ናቸው፤ «ሙጂር» ከሙጊሬ፣ «ሄኒር» ከሂኒሬ የመጡ ናቸው። በላቲን እንዲህ ያለ ዝርዝር መሥራት የቆየ ልማድ ሲሆን፣ በ5ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ፖሌሚዩስ ሲልቪዩስም አንድ ትቶልናል።

ጥያቄ፦ ዛሬ ትርጉማቸው የተለወጠ አሉ?

መልስ፦ አሉ፤ ለእኔ የጉዳዩ ጣዕም ያለውም እዚህ ላይ ነው። «ብሬር» በጥንቱ ፈረንሳይኛ በኃይል መጮኽ ማለት ስለነበር ለሰውም ያገለግል ነበር፤ በዋልተር ግጥም ለድብ ተሰጥቷል፤ ዛሬ ግን በዋናነት የአህያ ሆኗል። በአንጻሩ አህያ ማናፋቷን ይገልጽ የነበረው «ረካኔ» ወደ ሰው ተሻግሮ፣ «ሪካኔ» በሚል መልኩ በፌዝ መሳቅን ያመለክታል። «ግላቲር» ደግሞ የአዳኝ ውሾች ጩኸት ነበር፤ በአፈ ታሪካዊው የብሪታንያ ንጉሥ በአርተር ታሪኮች ውስጥ ከሆዱ የውሾች ጩኸት የሚሰማው እንግዳ አውሬ «ቤት ግላቲሳን»፣ ማለትም ጯሂው አውሬ፣ የተባለው በዚሁ ቃል ነው።