የጓሮ ጥያቄና መልስ፦ የድንች ምች፣ መጤው ተምችና ፍሬ የማይዘው ዱባ

ክረምቱ ከገባ ወዲህ ከጎጃም የደረሱን ጥያቄዎች ሁሉም ማለት ይቻላል ከውኃ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ወይ ከዝናቡ ብዛት፣ ወይ ዝናቡ ከሚያመጣው በሽታና ተባይ። የድንቹን ጉዳይ ብዙ አንባቢዎች ስላነሡት ሰፋ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ግንቦት አጋማሽ ላይ የተከልኩት የጓሮ ድንች አበባ እስኪያወጣ ድረስ ዓይን የሚሞላ ነበር። ሐምሌ ከገባ በኋላ ግን ከቅጠሉ ጫፍ እየጀመረ ይጠቁርና ይረግፋል። ጎረቤቶቼ «ምች መትቶት ነው፣ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅ የሚመጣ ነው» ይሉኛል። ለፍልሰታ ጾም ያሰብነው ድንች ነበር። ምን ላድርግ? ከዚሁ ላይስ ለዘር ማስቀረት ይቻላል? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ጎረቤቶችዎ ስሙን አልሳቱም፤ ምክንያቱን ግን ፀሐይ ላይ ማሳበባቸው ልክ አይደለም። የድንች ምች የሚነሣው ቅዝቃዜና እርጥበት ሲገናኙ በቅጠል ላይ ከሚራባ፣ ሻጋታ ከሚመስል ረቂቅ ተሕዋስ ነው። እንደ ደብረ ማርቆስ ባለ ደጋማ አገር፣ ጉሙ እስከ ረፋድ በማይገለጥበት በሐምሌ ወር፣ ለዚህ ተሕዋስ ከዚያ የተመቸ ጊዜ የለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1845 ጀምሮ የአየርላንድን ድንች አጥፍቶ ሕዝቡን ለታላቅ ረኃብ የዳረገው ይኸው በሽታ ነው። ስለዚህ «ለጥቂት ቀን ልየው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ አየሩ ከተመቸው አንድ መደብ ሙሉ ድንች በሳምንት ውስጥ ሊያከስም ይችላል።

በመጀመሪያ በእርግጥ ምች መሆኑን ያረጋግጡ። ጠዋት ማልደው፣ ጤዛው ሳይነሣ፣ መጥቆር የጀመረ ቅጠል ቀጥፈው ጀርባውን ይገልብጡና የጠቆረው ክፍል ከአረንጓዴው ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ያተኩሩ። ስስ ነጭ ብናኝ ከታየዎት ምች ነው። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ብናኙ ስለሚጠፋ ቀትር ላይ ፈልገው ቢያጡት አይዘናጉ። ነጠብጣቡ ደረቅ ሆኖ በክብ ውስጥ ሌላ ክብ የሚታይበትና ከታችኛው ያረጀ ቅጠል የጀመረ ከሆነ ግን ሌላ፣ አዝጋሚ የሆነ በሽታ ነው፤ እሱ ያን ያህል አያስቸኩልም።

ምች ሆኖ ከተገኘና የተያዘው ጥቂት ተክል ብቻ ከሆነ፣ የታመመውን ነቅለው ከጓሮው አርቀው በጥልቀት ይቅበሩት፤ ከአጥር ሥር ወይም ከፍግ ክምር ላይ ከጣሉት ነፋስና ዝናብ መልሰው ያመጡታል። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቅጠል ከጠቆረ ግን ተክሉን ለማዳን መድከም ትርፉ ድካም ነው፤ ማዳን የሚገባው ከመሬት በታች ያለውን ድንች ነው። ግንዱን ከነቅጠሉ በማጭድ ከመሬት ደረጃ አጭደው ያርቁ፤ ከዚያ ሳይቆፍሩ ሁለት ሳምንት ይታገሡ። በዚህ ጊዜ ውስጥ በአፈሩ ላይ የቀረው የበሽታው ዘር በአብዛኛው ይሞታል፣ የድንቹም ልጣጭ ይጠነክራል። ወዲያው ከተቆፈረ ግን ከቅጠሉ የረገፈው በሽታ በቆፋሪው እጅና በአፈሩ አማካይነት በቀጥታ ወደ ድንቹ ይተላለፋል፤ በኋላም ጎተራ ውስጥ ጤነኛውን ሳይቀር ያበሰብሰዋል። ሐምሌ 25 ገደማ ቢያጭዱ ነሐሴ 9 ገደማ መቆፈር ይችላሉና ለጾሙ ሁለተኛ ሳምንት ይደርስልዎታል። ድንቹ መጠኑ ቢያንስም ለመብል ምንም አይለው።

አፈር ማስታቀፍን ብዙዎች ለድንቹ ማደጊያ ብቻ ያደርጉታል፤ ነገር ግን ከቅጠል ታጥቦ የሚወርደው በሽታ ድንቹ ጋ እንዳይደርስ የሚያግደው ይኸው የታቀፈ አፈር ነው። ፀሐይ ነክቶት አረንጓዴ የሆነ፣ ሲበላም የሚመርና የሚጎዳ ድንች እንዳይኖርም የሚያደርገው እሱ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ተክሉ አንድ ስንዝር ሲያህል አንድ ጊዜ፣ አበባ ከመያዙ በፊት ደግሞ ሌላ ጊዜ ያስታቅፉ።

ስለ መድኃኒቱም ብዙ ይጠየቃል። በየገበያው የሚሸጠው ማንኮዜብ ገና ያልተያዘን ቅጠል ይከላከል እንደሆነ እንጂ የጠቆረውን አያድንም፤ ዝናብም ያጥበዋል። ስለዚህ በሽታው ከተስፋፋ በኋላ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ቀድመው የሚረጩ ከሆነ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ፤ ከርጭት በኋላ ምርቱ ሳይሰበሰብ የሚቆይበትን ጊዜ ከዕቃው ላይ አንብበው ያክብሩ፤ ፀረ አረም የተረጨበትን መርጫም ከጎረቤት አይዋሱ።

ለዘር ማስቀረቱን አንመክርም። ሲያዩት ጤነኛ የሚመስለው ድንች በሽታውን ይዞ ከርሞ በሚቀጥለው ክረምት ለመላው ሰፈር ሊያዳርስ ይችላል። ሳይለቀም ቀርቶ በየጓሮው ለብቻው የሚበቅለው ድንችም እንዲሁ ነውና ነቅለው ያስወግዱት። ከሆለታ የምርምር ማዕከል የወጡት ጉዳኔና በለጠ የተባሉት ዝርያዎች ሲለቀቁ ምችን በመቋቋማቸው የታወቁ ነበሩ፤ ሆኖም የበሽታው ባሕርይ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ዝርያውን ብቻ ተማምነው ጥበቃውን አይተዉ።

ጥያቄ፦ ከቤታችን ጀርባ ለእሸት የዘራነው በቆሎ የመሐሉ ለጋ ቅጠል ተበሳስቷል፤ ውስጡም የመጋዝ ብናኝ የመሰለ ነገር ሞልቶበታል። ከመርዝ ሌላ መላ አለው? (ከመራዊ)

መልስ፦ አለው፤ እንዲያውም ለጓሮ ያህል መርዙ አያስፈልግዎትም። ብናኝ የመሰለዎት የትሉ ኩስ ነው። ትሉን አውጥተው በቅርብ ይመልከቱት፤ በግንባሩ ላይ የተገለበጠ የእንግሊዝኛ «ዋይ» ፊደል የሚመስል ነጣ ያለ መስመር፣ በጭራው አካባቢ ደግሞ አራት ማዕዘን ሠርተው የተቀመጡ አራት ጥቁር ነጥቦች ካሉት መጤው የአሜሪካ ተምች ነው። በ2009 ዓ.ም. አገራችን የገባው ይህ ትል አባቶቻችን ከሚያውቁት፣ በመንጋ መጥቶ ግጦ ከሚሄደው ተምች ይለያል፤ በአንድ ቦታ ተቀምጦ፣ በለጋው ቅጠል ጥቅል ውስጥ ተሸሽጎ ይበላል። መርዝ ቢረጩም ካደገ በኋላ ከተሸሸገበት ብዙ ጊዜ የማያገኘው ለዚህ ነው።

የእናቲቱ የእሳት እራት እንቁላሎች ከመቶ እስከ ሁለት መቶ ሆነው በአንድ ላይ ተጣብቀውና ጸጉር መሳይ ነገር ለብሰው በቅጠሉ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በጀርባው፣ ይገኛሉ። ያንን አንድ ክምችት በጣት መጨፍለቅ በኋላ መቶ ትል ከመልቀም ያድናል። ትንንሾቹ ትሎች ቅጠሉን ሳይበሱ አረንጓዴውን ልጠው ብርሃን የሚያስተላልፍ ስስ ሽፋን ይተዋሉ፤ ይህን ምልክት ባዩበት ተክል ላይ ያተኩሩ። ያደጉትን ደግሞ ማታ ወይም ማለዳ በእጅ ይልቀሙ፤ በእያንዳንዱ በቆሎ እምብርት ውስጥ ቁንጥር የተነፋ፣ የበረደ አመድ ወይም ደቃቅ አፈር ቢጨምሩበት ትሉን ያሠቃየዋል። ዝናብ ስለሚያጥበው መደጋገም ግድ ነው። ልጆች ትምህርት ቤት በተዘጋበት በዚህ ወቅት ለቀማውን ቢያግዙ ሥራው ይቀላል። እሸቱ ራስ ካወጣ በኋላ ግን ትሉ ወደ ራሱ ስለሚገባ ይህ ሁሉ ጥቅሙ ያንሳል።

ጥያቄ፦ ዱባዬ አጥሩን ሞልቶ አብቧል፤ ሆኖም ፍሬው አውራ ጣት ሳያህል ቢጫ ሆኖ ይወድቃል። ተባይ አላየሁበትም። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ተባይ ስላልሆነ ነው ያላዩት። በዱባ ላይ ወንዴና ሴቴ አበባ ለየብቻ ይወጣሉ፤ ከወንዴው ወደ ሴቴው ዱቄቱን የምታደርሰው ንብ ደግሞ በዝናብ ጊዜ ከቀፎዋ አትወጣም። ሴቴዋን ከሥሯ ባለው ትንሽ ዱባ፣ ወንዴውን በቀጭንና ረጅም አገዳው ይለዩታል። ዝናቡ ጋብ ባለበት ማለዳ፣ አበባው እንደተከፈተ፣ ወንዴውን ቀጥፈው ቅጠሎቹን ይላጡለት፤ መሐሉ ላይ የቀረውን፣ ሲነኩት ጣት ቢጫ የሚያደርገውን ዘንግ በሴቴዋ አበባ ውስጥ ካለው ጉብታ ላይ በዝግታ ያሽከርክሩት። አንድ ወንዴ ለሁለት ሦስት ሴቴ ይበቃል። አበባው ከቀትር በፊት ስለሚጨማደድ ለከሰዓት አይቆጠብም። ፍሬው ከያዘ በኋላ እርጥብ መሬት ላይ እንዳይበሰብስ ጭድ ያንጥፉለት። ለመቁረጥም አይቸኩሉ፤ አገዳው ደርቆ፣ ልጣጩ በጥፍር አልበሳ ሲል፣ አራት ጣት ያህል አገዳ አስቀርተው ይቁረጡት።

ጥያቄ፦ ያዛወርኩት የበርበሬ ችግኝ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ይጠወልጋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ከሥሩ ተቆርጦ ወድቆ አገኘዋለሁ። (ከቡሬ)

መልስ፦ ሁለት የተለያየ ጉዳይ ነው። ተቆርጦ የወደቀው የቆራጭ ትል ሥራ ነው፤ በዙሪያው ያለውን አፈር በጣትዎ ቢጭሩ ቀን ቀን ተጠቅልሎ የሚተኛውን ጠቆር ያለ ትል እዚያው ያገኙታል። ቆሞ የሚጠወልገው ግን ውኃ የተኛበት መሬት ከሚያባብሰው የአጠውልግ በሽታ ነውና መድኃኒቱ ቦይ ነው፦ መደቡን ከፍ ያድርጉ፣ ውኃውን ያፋስሱ፣ የታመመውን ከነአፈሩ አንሥተው ያርቁ። በርበሬ፣ ቲማቲም ወይም ድንች በነበረበት ቦታ ላይ በርበሬ መልሶ መትከልም በሽታውን መቀለብ ነው፤ ለሦስት ዓመት ያህል በቆሎ ወይም ጤፍ ያፈራርቁበት። ጠወለገ ብሎ ዩሪያ መጨመር ጉዳቱን ያብሳል።

ጥያቄ፦ ፍልፈል ድንቹን ከሥር ጨረሰብን። ጉድጓዱ ውስጥ መርዝ ብንጨምርስ? (ከእንጅባራ)

መልስ፦ አይጨምሩ፤ መርዙ ድንቹ የሚቀመጥበት አፈር ውስጥ ነው የሚቀረው። ትኩስ ቁልሉን ፈልገው መተላለፊያውን ይክፈቱ፤ ፍልፈል የተከፈተ ቀዳዳ ስለማይወድ ሊደፍነው ተመልሶ ይመጣል፣ ወጥመድ የሚጠመደውም በዚያው አፍ ላይ ነው። የደረሰ ድንች ካለ መሬት ውስጥ አታቆዩለት።

ጥያቄ፦ በአበሻ ጎመን ላይ የሚሰፍረውን ክሽክሽ በምን እናጥፋው? (ከዳንግላ)

መልስ፦ ኃይለኛ ዝናብ ራሱ ስለሚያረግፈው በሐምሌ ብዙም አይከብድም፤ የሚበረታው መስከረም ላይ ዝናቡ ሲቀንስ ነው። በአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠው፣ በመጀመሪያ በአንድ ቅጠል ላይ ሞክረው አለማቃጠሉን ካዩ በኋላ፣ ወደ ማታ በቅጠሉ ጀርባ ይርጩት። ባለ ነጠብጣቧ ቀይ ጥንዚዛና ግልገሎቿ ክሽክሹን የሚበሉ ስለሆኑ እነሱን ባዩበት ተክል ላይ ርጭቱን ለጥቂት ቀናት ያቆዩት።