የእናትዎ ድምፅ ካሴቱ ላይ አለ

«እናቴ በ1980 ዓ.ም. ከጎንደር ወደ ዋሽንግተን የላከችልኝ የድምፅ ደብዳቤ ካሴት ላይ አለ። ሰሞኑን ባጫውተው ድምፁ ታፍኖ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። ጥገና ቤት ‹ክሩ አርጅቷል፣ ጣለው› አሉኝ። ምን ላድርግ?» ብለው ጠይቀውኛል።

ወንድሜ፣ እንዳይጥሉት! ታፍነው ወደ እኔ ከሚመጡት ካሴቶች ውስጥ ክራቸው የተበላሸው ጥቂቶቹ ናቸው።

አሁኑኑ አንድ ነገር ያድርጉ። በካሴቱ ጀርባ (ክሩ ከሚታይበት ጎን በተቃራኒው)፣ በግራና በቀኝ ጥግ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ምላሶች በካቻቪቴ ሰብረው ያውጡ። እነሱ ከሌሉ ቴፑ በላዩ ላይ መቅዳት አይችልም። ምላሶቹ ካሉ ግን በስህተት የመቅጃውን ቁልፍ ቢጫኑ የእናትዎ ንግግር ይጠፋል፤ ያንን የሚመልስ ባለሙያ ደግሞ የለም።

ቀጥሎ ክሩ በሚታይበት ጎን መሐል ለመሐል ይመልከቱ። በቀጭን የብረት ስፕሪንግ ላይ የተለጠፈች፣ ምስር የምታክል የሱፍ ቁራጭ መኖር አለባት። ሥራዋ ክሩን ከቴፑ ሄድ (ድምፁን ከክሩ ላይ ከሚያነበው ክፍል) ጋር አጣብቆ መያዝ ነው። ሙጫዋ በዓመታት ይደርቅና ትወድቃለች። ፊሊፕስ ይህን ካሴት በ1963 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ ለንግግር መቅጃ አስቦት ስለነበር ክሩ በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው የሚሄደው። በዚህ ፍጥነት የ5,000 ኸርዝ ድምፅ አንዱ ሞገድ ክሩ ላይ 0.01 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ክሩ ከሄዱ በጥቂቱ ከራቀ መጀመሪያ የሚጠፉት ቀጫጭኖቹ ድምፆች ናቸው። እናትዎ «ልጄ» ሲሉ ይሰማል፤ «እንደምን ሰነበትህ» ሲሉ ግን «ሰ» የለችም። ሱፏ ከወደቀች፣ በብሎን ከሚዘጋ ሌላ ካሴት ላይ ከነስፕሪንጓ አውጥተው ይቀይሯት።

ሱፏ በቦታዋ ካለች ሄዱን ያጽዱ፤ ጥጥ በ90 በመቶ አልኮል ነክረው ቡናማው እድፍ እስኪለቅ ይጥረጉት። ድምፁ አሁንም ከታፈነ፣ እናትዎ የቀዱበት ቴፕ ሄዱ ዘንበል ያለ ሊሆን ይችላል። በእርስዎ ቴፕ ላይ ከሄዱ ጎን ስፕሪንግ ያለባትን ብሎን፣ ካሴቱ እየተጫወተ፣ በጣም በጥቂቱ ያዙሯት። «ሰ» ጥርት ብላ ስትወጣ ያቁሙ። ይህን ጆሮዎ ይነግርዎታል።

ወደ ኮምፒውተር ሲገለብጡ በመጀመሪያ ኤምፒ3 አያድርጉት፤ ዌቭ (ድምፁን ሳይጨምቅ የሚያስቀምጥ ፋይል) ይሁን። አንድ ሰዓት 600 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ ለእናት ድምፅ ይህ ቦታ አይበዛም።

ሁለተኛው ገጽ ባዶ ቢመስልም እስከ ጫፉ ድረስ ያጫውቱት። በድምፅ ደብዳቤ ላይ ሰው ተሰናብቶ ከጨረሰ በኋላ፣ ረጅም ዝምታ አልፎ፣ የረሳውን ነገር ለመንገር እንደገና ቴፑን ይከፍት ነበር።