እግርሽን አትተዪው፤ ጀርባሽን ጨምሪበት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በአንድ ዓመት ተኩል 38 ኪሎ ቀንሰሻል። ደረጃ ስትወጪ አይደክምሽም። ግን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማንሳት አቅቶሻል፤ ፑሽ አፕም አንድ እንኳን አይወጣልሽም። «ክንዴ እስኪደርስበት የእግር ስፖርት ላቁም?» ነው ያልሽው። ብዙ ሰው «አቁሚ» ብሎሻል። እኔ ግን እባክሽ አታቁሚ እላለሁ። ይህንኑ ስህተት ሠርቼው አይቻለሁና ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

የምኖረው ጅማ ነው። የቡና መጋዘን ውስጥ ሚዛን ላይ እሠራለሁ። በ2014 ዓ.ም. 112 ኪሎ ነበርኩ፤ በ2015 መጨረሻ 71 ገባሁ። የቀነስኩት በእግር ጉዞና ምግብ በመቀነስ ብቻ ነው። እሑድ እሑድ ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደውን ዳገት እወጣ ነበር። መጀመሪያ አካባቢ አራት አምስት ቦታ እየቆምኩ ነበር የምተነፍሰው። እየቆየ አንዴም ሳልቆም መውጣት ቻልኩ። እግሬ ብረት ሆኗል ብዬ አመንኩ። ክንዴ ግን የአምስት ዓመት ልጄን ታቅፎ ከቤት እስከ ታክሲ መያዣ እንኳን አያደርሰኝም ነበር።

አንድ ቀን ሥራ ላይ አንድ ጆንያ ቡና ሚዛን ላይ ወጣ። እኛ ጋ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ያ ጆንያ ሁለት ፈረሱላ ከግማሽ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል፤ ሚዛኑ 41 ላይ ቆመ። ልክ እኔ የቀነስኩት! ሰው ዞር ሲል ጆንያውን በሁለት እጄ ይዤ ሳብኩት። ንቅንቅ አላለም። እዚያው ቆሜ አሰብኩ፦ እግሬ ይህን ጆንያ ስንት ዓመት ሙሉ፣ ማታና ጠዋት፣ ገበያም ሽንት ቤትም ይዞት ሲዞር ኖሯል። ክንዴ ግን ምንም አልተሸከመም።

ያንቺም ነገር ይኸው ነው። ወፍራም የሆነ ሰው እግሩ ሳያውቀው ስፖርት ይሠራል። በተቀመጥሽና በተነሳሽ ቁጥር ያ ሁሉ ክብደት እግርሽ ላይ ነበር። ክንድሽ፣ ደረትሽና ጀርባሽ ግን እንዲህ ያለ ሥራ አላገኙም። ስንቀንስ ደግሞ የሚሄደው ስብ ብቻ አይደለም፤ ጡንቻም አብሮ ይሄዳል። በተለይ ምግብ ብቻ ቀንሰን ክብደት ካላነሳን ብዙ ይሄዳል። ክንድ ከመጀመሪያውም ጥቂት ስለነበረው ጉድለቱ ቶሎ ያስታውቃል። በዚያ ላይ እኛ ሴቶች ከወንዶች ጋር ያለን የጉልበት ልዩነት ይበልጥ የሚሰፋው ከወገብ በላይ ነው። ስለዚህ ሰነፍ ሆነሽ አይደለም።

አሁን ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር ላይ ልምጣ። እግርሽ የጠነከረ የሚመስልሽ በከፊል ሸክሙ ስለቀለለው ነው። በ112 ኪሎ የወጣሁትን ደረጃ በ71 ስወጣው ቢቀለኝ ምን ይገርማል? ያ የቀድሞው ሸክም ከላዩ ስለወረደ ግን አሠልጣኙም አብሮት ሄዷል። ምንም ካላደረግሽለት እግርሽ በዝምታ ይደክማል።

እኔ ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ያኔ ስፖርት የሚያሠራኝ ልጅ «እግርሽ በቂ ነው፣ ላይኛው ላይ ብቻ እንሥራ» አለኝ። አራት ወር ሙሉ ፑሽ አፕና የደረት ስፖርት ብቻ ሠራሁ። ዝናቡም በዝቶ ስለነበር ዳገቱን ተውኩት፤ የጅማን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል። በአራተኛው ወር የቀኝ ትከሻዬ ከፊት በኩል ያመኝ ጀመር። ፀጉሬን ለማሰር እጄን ማንሳት እንኳን ከበደኝ። ትከሻዬ ወደ ፊት ጎብጧል። ዝናቡ ጋብ ሲል ጅሬን ወጣሁ። መውጣቱን እንደምንም ወጣሁት። ስወርድ ግን ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፤ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ያስተካከለኝ ዋናው ነገር ጀርባ ነው። መጋዘናችን አንድ የቆዩ ጫኝና አውራጅ አሉ። ጆንያ ስታገል አይተው «ልጄ፣ ጆንያ በክንድ አይነሳም። በመቀመጫና በጀርባ ነው። ክንድ ገመድ ነው» አሉኝ። ከየትኛውም ቪዲዮ ይልቅ የጠቀመኝ ይህ ነው። ደካማ ነው ያልኩት ክንዴን ነበር፤ ደካማው ግን ጀርባዬ ነበር።

ስለዚህ መሳብ ጀመርኩ። የብስክሌት የውስጥ ጎማ ከበረንዳዬ ምሰሶ ጋር አሰርኩ። ቀጥ ብዬ ተቀምጬ፣ ሁለቱ የትከሻ አጥንቶች ከኋላ እስኪቀራረቡ ክርኔን ወደ ጎኔ እስባለሁ። ሌላው ደግሞ ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ውኃ ሞልቶ፣ አንድ እጅን ወንበር ላይ ተደግፎ፣ ጎንበስ ብሎ ወደ ወገብ መሳብ ነው። 10 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ በሳምንት ሦስት ቀን። አንድ ከገፋሽ ሁለት ሳቢ። ፑሽ አፕ አንድ ዙር ከሆነ መሳቡ ሁለት ዙር ይሁን። ትከሻዬ በሁለት ወር ገደማ ተመለሰልኝ።

ፑሽ አፕ አንድም አልችልም ብለሽ ማዘንሽ አሳዘነኝ። መሬት ላይ የሚሠራ ፑሽ አፕ ከክብደትሽ ሁለት ሦስተኛውን ያህል መግፋት ነው። 70 ኪሎ ከሆንሽ ወደ 45 ኪሎ ይመጣል፤ ሁለት ሙሉ ጀሪካንና ትርፍ ማለት ነው። ከግድግዳ ጀምሪ። 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር ሲቀልሽ ወደ ጠረጴዛ፣ ከዚያ ወደ ወንበር፣ ከዚያ ወደ መሬት ውረጂ። ወንበሩ እንዳይንሸራተት ግድግዳ አስደግፊው። እኔ ከግድግዳ እስከ መሬት ስምንት ወር ፈጅቶብኛል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጡንቻሽ ሳያድግ ጉልበትሽ ሲጨምር ታያለሽ። ነርቭሽ ያለውን ጡንቻ ማዘዝ እየተማረ ስለሆነ ነው፤ መስታወት ላይ ለውጥ አጣሁ ብለሽ እንዳትተዪው።

እግርን በተመለከተ ደስ የሚል ነገር ልንገርሽ። ያለሽን ጉልበት ማቆየት አዲስ ከመገንባት በጣም ያነሰ ሥራ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ከክንድና ከእግር መምረጥ የለብሽም። በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል፤ ግን ሸክም ያስፈልገዋል። እኔ የልጄን የትምህርት ቤት ቦርሳ አሸዋ በላስቲክ ጠቅልዬ ሞላሁበት፤ በጀርባዬ ይዤ ከወንበር ተቀምጬ እነሳለሁ፣ 8 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ሥራ ስትጀምሪ ግን ሁልጊዜ ከደካማው ጀምሪ። ጉልበትሽ ትኩስ እያለ ጀርባና ክንድ፣ እግር መጨረሻ ላይ።

ክንድሽና እግርሽ እኩል እስኪሆኑ ግን አትጠብቂ። ጤነኛ ሰውም ቢሆን እግሩ ይበልጣል። እኔ የማወዳድረው የዘንድሮ ክንዴን ከአምናው ክንዴ ጋር ነው። ደብተር ላይ እጽፈዋለሁ።

«5 ኪሎ ቀርቶኛል» ያልሽውን ለጊዜው ብትተዪው ደስ ይለኛል። እየተራብሽ ጡንቻ መገንባት በጣም ከባድ ነው። ስድስት ወር ኪሎሽን እዚያው ያዢና ጉልበት ላይ ሥሪ። ሚዛኑ አንድ ሁለት ኪሎ ቢጨምር አትደንግጪ።

«ጾም ስለሚበዛብኝ ፕሮቲን ከየት ላምጣ?» ላልሽው፣ ለኛ ዓይነት ሰው በኪሎ ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ጥሩ ነው። በ70 ኪሎ ከ84 እስከ 112 ግራም ይሆናል። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ገደማ ነው። በጾም ጊዜ ምስር፣ ሽምብራ፣ ቦሎቄና ለውዝ አብዢ። 100 ግራም ደረቅ ምስር 24 ግራም አካባቢ አለው። ትልቁ ለውጥ የመጣልኝ እንጀራውን ቀንሼ ወጡን ሳበዛ ነው፤ ሽሮውንም ወፈር አድርጌ ነው የምሠራው። የኩላሊት ችግር ካለብሽ ግን መጀመሪያ ሐኪምሽን ጠይቂ።

የክንድሽ ቆዳ መንጠልጠሉ በስፖርት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ይህን የሚያስመስሉ ሰዎችን አትስሚ። ጡንቻው ሲሞላ ትንሽ ይሻሻላል። እኔ አሁን እጅጌ አጭር እለብሳለሁ።

ስታነሺ እምብርትሽ አካባቢ ወይም የድሮ ኦፕሬሽን ቦታ ላይ እብጠት ብቅ የሚል ከሆነ ምንም ሸክም ሳታነሺ ሐኪም ታይ።

አሁን ወደ ጀሪካንሽ። ሙሉውን አትታገዪው። በ8 ሊትር ጀምሪ። እግርሽን ከፍተሽ ቁሚ፣ ጀሪካኑ ከፊትሽ ሳይሆን በእግሮችሽ መካከል ይሁን። መቀመጫሽን ወደ ኋላ ገፍተሽ ጎንበስ በይ፣ ጀርባሽ ቀጥ ይበል፣ ክንድሽን እንደ ገመድ ልቀቂው። ከዚያ በእግርሽ መሬቱን ገፍተሽ ተነሺ። ይዘሽ 40 እርምጃ ተራመጂ፣ አስቀምጪ፣ እጅ ቀይሪ። እጅሽ ላይ ሲላላ ሳይወድቅብሽ አስቀምጪው፤ መጀመሪያ የሚደክመው ጣት ነው። አራት ዙር፣ በሳምንት ሦስት ቀን። በየሁለት ሳምንቱ 2 ሊትር ጨምሪ። በሦስት ወር 20 ላይ ትደርሻለሽ፤ የከበደሽ ሳምንት ካለ እዚያው ክብደት ላይ አንድ ሳምንት ድገሚ። እኔ ዛሬ በእያንዳንዱ እጄ አንድ አንድ ፈረሱላ ይዤ መጋዘኑን ከበር እስከ በር እሄዳለሁ። የመጀመሪያውን ሳምንት ስትጨርሺ በስንት ሊትር ስንት እርምጃ እንደሄድሽ ጻፊልኝ።