ጋሼን ይጠይቁ፦ ስለ ገጠር ተማሪ፣ ስለ ሕግ እና ስለ በሬው

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከደምበጫ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ ነው። ገበሬ ነኝ። ምርጫ በመጣ ቁጥር “ትምህርት ቤት እንሠራለን” የማይል የለም። ለመሆኑ የገጠር ልጅን ችግር ከልቡ አውቆ ሕግ ያወጣ ባለሥልጣን በዓለም ላይ አለ? ሁለተኛ፣ ልጄ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት። ጎረቤቴ “ዩኒቨርሲቲ ዕዳ ያስፈርማሉ፣ በሬህን ሸጠህ ትከፍላለህ” ብሎ አስደንግጦኛል። እውነት ነው?
የልጆች አባት

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

አለ እንጂ! አንዱ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ነው። ስሙ ሲነሳ ሰው ትዝ የሚለው የቬትናም ጦርነት ነው፤ እኔም ያንን አልፍቅለትም። በትምህርት በኩል ግን ሠርቷል።

የቴክሳስ ገጠር ልጅ ነው። ኮሌጅ የተማረው ተበድሮና የጽዳት ሥራ እየሠራ ነው። መሀል ላይ ትምህርቱን አቋርጦ ኮቱላ በምትባል ትንሽ ከተማ የድሀ ሜክሲኳውያንን ልጆች አስተማረ። በመጀመሪያ ደመወዙ የስፖርት ዕቃ ገዛላቸው። ከዚያ ተመልሶ ተመረቀ።

ፕሬዚዳንት ሲሆን አልረሳውም። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 3 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ እሑድ ቀን፣ የትምህርት ሕጉን ፈረመ። የፈረመው ልጅ ሳለ በተማረባት ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት ደጅ ላይ፣ የመጀመሪያ አስተማሪውን አጠገቡ አስቀምጦ ነው። ፖለቲከኛ መቼስ ካሜራ ይወዳል። ሕጉ ግን ቁም ነገር ነበረው፤ የፌዴራሉ ገንዘብ የድሀ ልጆች ወደሚበዙባቸው ትምህርት ቤቶች እንዲሄድ አደረገ። ጥቅምት 29 ቀን 1958 ዓ.ም. ደግሞ ሳን ማርኮስ፣ የተመረቀበት ኮሌጅ ሄዶ የከፍተኛ ትምህርት ሕጉን ፈረመ። ለችግረኛ ተማሪ የማይመለስ ድጎማ ተፈቀደ። መንግሥት ዋስ የሚሆንበት የባንክ ብድርም መጣ። ብድሩ ኋላ እያበጠ ሄዶ ዛሬ ስንቱን አሜሪካዊ ያማርራል፤ እሱ ሌላ ጣጣ ነው።

ትምህርት ቤት መሥራትማ ቀላሉ ነው። እኔ ጎጃም ውስጥ ሳስተምር ያየሁት ችግር ከግድግዳው ውጭ ነው። ልጆቹ 9ኛ ክፍል ሲደርሱ ወረዳ ከተማ ቤት ይከራያሉ። ሦስት አራት ሆነው አንዲት ጠባብ ክፍል። ዓርብ ከሰዓት በእግራቸው ወደ ወላጆቻቸው ይወርዳሉ፤ እሑድ ማታ ድርቆሽና ሽሮ ተሸክመው ይመለሳሉ። ስንቁ ሐሙስ ላይ ያልቃል። ዓርብ ፈተና የማልሰጠው ለዚህ ነበር። ርእሰ መምህራችን ስንፍና መስሎት ሲነጫነጭ ኖሮ ጡረታ ወጣ። “ሐሙስ ማታ ምን ይበላሉ?” ብሎ የሚጠይቅ ተመራጭ ከመጣ፣ የእኔን ድምፅ ይውሰድ።

አሁን ወደ በሬው። ጎረቤትዎ ወሬውን በግማሽ ነው የሰማው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከገባች ውል ትፈርማለች፤ ወጪ መጋራት ይባላል። ደንቡ የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። በደንቡ መሠረት የምግብና የመኝታዋን ሙሉ ወጪ፣ ከማስተማሪያው ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን የምትከፍለው እሷ ናት። የምትከፍለው ግን ተመርቃ ሥራ ስትይዝ ነው፤ ከወር ገቢዋ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ። የግል ኮሌጅ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያ እየከፈሉ ነው የሚማሩት።

ስለዚህ በሬዎን አይንኩት። አሁን የሚያስፈልግዎ የመሳፈሪያ፣ የብርድ ልብስ፣ የደብተርና የኪስ ገንዘብ ነው። የውሉን ቅጂ ደግሞ እንዳትጥለው አደራ ይበሏት። ሥራ ስትይዝ ከደመወዟ የተቆረጠውን ታመሳክርበታለች።