የእሳት፣ የመሬት፣ የውሃና የነፋስ ገዥዎች፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ስለ ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የሚና ጨዋታ በዚህ ዙር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚያተኩሩት በአራቱ ባሕርያት፣ ማለትም በእሳት፣ በነፋስ፣ በውሃና በመሬት ላይ በሚገዙት ኃያላን ላይ ነው። ይህ በጣም አስደስቶኛል፤ ምክንያቱም ከጨዋታው ፍጡራን መካከል የእነዚህን ገዥዎች ያህል ያለ አግባብ የሚባክን የለም ብዬ አምናለሁ። ብዙ የጨዋታ መሪዎች (ታሪኩን የሚተርኩና ጨዋታውን የሚዳኙ ሰዎች) በዘመቻው፣ ማለትም በተከታታይ በሚጫወቱት ረጅም ታሪክ፣ ማብቂያ ላይ ብቅ ብለው የሚገደሉ ግዙፍ አውሬዎች ያደርጓቸዋል። እኔ ደግሞ ገዥው ራሱ ከመታየቱ ከብዙ ጊዜ በፊት ግዛቱ መታየት አለበት ባይ ነኝ።

«ገዥዎቹ እነማን ናቸው? አማልክት ናቸው ወይስ ጭራቆች?»

ጠያቂያችን ያነሡት የብዙዎች ግራ መጋባት ነው። ከገዥዎቹ መካከል ክፉዎቹ መሳፍንት በአንድነት የቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1981 በታተመው «ፊንድ ፎሊዮ» በተባለው የፍጡራን መድበል ሲሆን፣ ቁጥራቸውም አምስት ነበር፦ የእሳቱ ኢሚክስ፣ የመሬቱ ኦግሬሞክ፣ የውሃዋ ኦልሃይድራ፣ የነፋሱ ያን-ሲ-ቢን እና የብርዱ ክራዮናክስ። ከጊዜ በኋላ በበጎው ወገን የሚቆሙ አቻዎች ተጨመሩላቸው፤ እነርሱም ዛማን ሩል በእሳት፣ ሰኒስ በመሬት፣ ቻን በነፋስ፣ ቤን-ሃዳር በውሃ ላይ ኃይል ያላቸው ናቸው።

አማልክት ልንላቸው አንችልም፤ ተራ ጭራቆችም አይደሉም። እያንዳንዳቸው ባሕርዩ ራሱ አካልና ፈቃድ ቢኖረው ሊሆን የሚችለውን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የጨዋታው አምስተኛ እትም ተራው የእሳት ፍጡር 102 የሕይወት ነጥብ (ከመውደቁ በፊት የሚችለው የጉዳት መጠን) እና 5ኛ የፈተና ደረጃ (የጠላት ክብደት መለኪያ) ነበረው፤ ኢሚክስ ደግሞ 325 ነጥብና 19ኛ ደረጃ ተሰጥቶታል። ይሁን እንጂ ዋናው ልዩነት በቁጥሩ ላይ አይደለም። ተራው የእሳት ፍጡር እሳት በመሆኑ ብቻ ያቃጥላል፤ ሊጠራ፣ ሊታዘዝና ሊሰናበት ይችላል። ኢሚክስ ግን ዓለም ሁሉ እንዲነድ ይመኛል፣ ያቅዳል፣ ተከታይ ያፈራል። ይህን ልዩነት ተጫዋቾችዎ ካልተሰማቸው፣ የቀረቡላቸው ከተራው ከፍ ያለ ነበልባል እንጂ ገዥ አይሆንም።

«ከአራቱ ማን ይበልጣል?»

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው «ፕሪንስስ ኦፍ ዘ አፖካሊፕስ» የተሰኘው የዘመቻ መጽሐፍ አራቱን ጎን ለጎን ያቀርባቸዋል። ኦግሬሞክ በ526 የሕይወት ነጥብና በ20ኛ የፈተና ደረጃ ይመራል፤ ኢሚክስ ይከተለዋል፤ ኦልሃይድራ በ324፣ ያን-ሲ-ቢን ደግሞ በ283 ነጥብ ሁለቱም 18ኛ ደረጃ ላይ ናቸው። በወረቀት ላይ እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ነው።

የእኔ ፍርድ ግን ወደ ያን-ሲ-ቢን ያደላል። ያን-ሲ-ቢን በዓይን አይታይም፤ በአንድ የጨዋታ ተራ ውስጥም 150 ጫማ ይበራል። የተለመደው ጀብደኛ፣ ማለትም ተጫዋቹ የሚወክለው ገጸ ባሕርይ፣ በአንድ ተራ የሚራመደው 30 ጫማ መሆኑን አስቡት። ኦግሬሞክ ሲመጣ መሬቱ ስለሚናገር ለመሸሽም ሆነ ለመመሸግ ጥቂት ጊዜ ይገኛል። ያን-ሲ-ቢን ግን አጠገባችሁ ቆሞ ምክራችሁን እያዳመጠ ሊሆን ይችላል፤ የሻማው ነበልባል ወደ አንድ ወገን መዘንበሉን ያስተዋለ ሰው ካልኖረ በቀር ማንም አያውቅም። ነጥቡ አነስተኛ ስለሆነ ደካማ ነው ብሎ የሚያስብ የጨዋታ መሪ ይህን መስፍን በሜዳ ላይ አቁሞ በሰይፍ እንዲመታ ያደርገዋል፤ ይህም በደል ነው እላለሁ።

«ክራዮናክስ በአዲሱ መጽሐፍ የት ደረሰ?»

በ2015ቱ መጽሐፍ ውስጥ ከመሳፍንቱ ጋር አልተሰለፈም። ብርድ ከአራቱ ባሕርያት አንዱ አይደለም፤ በጨዋታው ሥነ ዓለም የበረዶ ዓለም የሚገኘው በነፋስና በውሃ ዓለማት መጋጠሚያ ላይ ነው። ለዘመቻዎ ከፈለጉት ያለ ምንም ስጋት ያስገቡት።

«ኢሚክስና ኮሱት ሁለቱም የእሳት ጌቶች ከሆኑ ልዩነታቸው ምንድን ነው?»

ኮሱት፣ አካዲ፣ ግሩምባር እና ኢስቲሺያ ከጨዋታው ምናባዊ ዓለማት አንዱ የሆነው የፎርጎተን ሪልምስ የባሕርያት ጌቶች ናቸው፤ እንደ ቅደም ተከተላቸውም የእሳት፣ የነፋስ፣ የመሬትና የውሃ ናቸው። ካህናት አሏቸው፣ ጸሎት ይቀርብላቸዋል፤ በተለይ ኮሱት በቀያይ ጠንቋዮች ምድር በታይ ብዙ አምላኪዎች አሉት። በአራተኛው እትም አራቱም ዓለም ሲፈጠር ከነበሩት ከጥንታውያኑ ኃያላን ወገን ተቆጥረዋል።

ልዩነቱን በአጭሩ ለማስቀመጥ፣ ኢሚክስ ሰውን ይጠላል፤ ኮሱት ስለ ሰው ያን ያህል ግድ የለውም። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እንደሚያስፈራ ለጠያቂያችን እተዋለሁ። ለጨዋታ ግን የሚጠላችሁ ገዥ ይመረጣል፤ የሚጠላ ሁሉ የሚፈልገው ነገር ስላለው፣ ጀብደኞቹ የሚያከሽፉት ዕቅድም አይታጣም።

«ተጫዋቾቼ ገና 3ኛ ደረጃ ላይ ናቸው። ኦልሃይድራን ማስገባት እፈልጋለሁ፤ ግን በአንድ ምት ትጨርሳቸዋለች። ምን ላድርግ?»

ይህ ከሁሉም የወደድኩት ጥያቄ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ። ኦልሃይድራን ዛሬውኑ ያስገቧት፤ አካሏን ግን አያሳዩ።

እኔ በመራሁት አንድ ዘመቻ ውስጥ ጀብደኞቹ ውሃ ለመቅዳት ወደ አንዲት መንደር ጉድጓድ ይቀርባሉ። ጉድጓዱ እስከ አፉ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ባልዲውን ማውረድ እንኳ አያስፈልግም። ተጫዋቾቹ ዕቃቸውን ሞልተው ሊሄዱ ሲሉ አንዷ ቆም ብላ «በጉድጓዱ ዙሪያ ያለው አፈር ምን ይመስላል?» ብላ ጠየቀችኝ። እንደ ዱቄት የደረቀ መሆኑን፣ ከጉድጓዱ አንድ እርምጃ ርቆ ያለው ሣርም ቢጫ መሆኑን ነገርኳት። በጠረጴዛው ዙሪያ ዝምታ ሆነ፤ ዳይስ በእጁ ይዞ ያንከባልል የነበረው ልጅ ሳይቀር አቆመ። ውሃው ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ተጠርቶ እንደነበር ገብቷቸዋል፤ ማን እንደጠራው ግን አላወቁም። ከዚያች ቀን በኋላ ስምንት ጊዜ ተገናኝተን ስንጫወት የኦልሃይድራን ስም አንድም ጊዜ አላነሣሁም፤ እነርሱ ግን ወንዝ ባዩ ቁጥር ይጠነቀቁ ነበር።

የ2015ቱ መጽሐፍም የተዋቀረው በዚሁ መንገድ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በደሳሪን ሸለቆ ሲሆን፣ በዚያ አራት የአምልኮ ቡድኖች፣ ለእያንዳንዱም ቡድን የባሕርዩን ኃይል የተሸከመ መሣሪያ የያዘ ነቢይ አለ፤ የውሃዎቹ ነቢይ ለምሳሌ «ድራውን» የተባለ ባለ ሦስት ጣት ጦር ይይዛል። ጀብደኞቹ በዝቅተኛ ደረጃ ሳሉ የሚገጥሟቸው የመሳፍንቱ ተከታዮች ናቸው፤ መስፍኑ ራሱ የሚመጣው ታሪኩ ሊያልቅ ሲል ነው። እርስዎም መሰላሉን እንዲህ ይሥሩት፦ በመጀመሪያ ምልክት፣ ቀጥሎ አማኝ፣ ከዚያ ነቢይ፣ በመጨረሻም ገዥዋ። አማኙን በተመለከተ አንድ ነገር አደራ እላለሁ፤ ሞኝ አያድርጉት። በድርቅ ልጁን ያጣ ሰው ውሃ የምታዝዝ እመቤት መኖሯን ቢሰማ ለምን እንደሚከተላት መረዳት አያዳግትም፤ ተጫዋቾችዎም ሰይፍ ከመምዘዛቸው በፊት ይህን ቢረዱት እመርጣለሁ።

«በድሮው የባሕርያት ቤተ ጣዖት ዘመቻ ውስጥ ዋናዋ ኃይል ለምን የፈንገስ እመቤት ሆነች?»

ጠያቂያችን የሚያወሱት ጋሪ ጋይጋክስና ፍራንክ ሜንትዘር የጻፉትን፣ እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመውን ዘመቻ ነው። ቤተ ጣዖቱ የአራቱን ባሕርያት ስም ቢይዝም፣ በውስጡ ታስራ የምትገኘው ዙግትሞይ የተባለች የአጋንንት ንግሥት ናት። አንዳንዶች ይህን እንደ ጉድለት ይቆጥሩታል፤ እኔ አልስማማም። አራቱ ወገኖች እርስ በርስ ሲሻኮቱ ከበስተጀርባቸው ያለውን አያዩም፤ ይህም ለአስተዋይ ተጫዋች አንዱን ወገን በሌላው ላይ የማነሣሣት ሰፊ ዕድል ይሰጠዋል።

«ከባሕርያት ገዥ ጋር መደራደር ይቻላል?»

ከመሳፍንቱ ጋር ብዙም አይቻልም፤ ከጂኒዎች ገዥዎች ጋር ግን ይቻላል። የእሳት ጂኒዎች የሆኑት ኢፍሪቶች በሱልጣን የሚመራ የናስ ከተማ አላቸው፤ በዚያም ገበያ፣ ውልና ሕግ አለ። ውሉን ሦስት ጊዜ ያንብቡት።

«የራሴን የጭስ ገዥ መፍጠር እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?»

መልካም ምርጫ ነው፤ በጨዋታው የቀድሞ እትሞች ሥነ ዓለም ጭስ የሚገኘው በእሳትና በነፋስ ዓለማት መካከል ስለሆነ፣ ገዥዎ ገና ሲወለድ ሁለት ጠላቶች አሉት፤ ኢሚክስም ያን-ሲ-ቢንም የእኔ ነው ይሉታል። የሕይወት ነጥቡን ለጊዜው ይተዉትና ምን እንደሚፈልግ ይወስኑ። ጭስ እሳቱ ካለፈ በኋላ የሚቀር ነገር ነውና፣ እኔ ብሆን የተቃጠለውን ሁሉ የእኔ ነው የሚል፣ የጠፉ ቤተ መጻሕፍትንና የነደዱ ከተሞችን በውስጡ ይዞ የሚዞር ገዥ አደርገው ነበር። እንዲህ ያለው ገዥ ጀብደኞቹ አጥብቀው የሚሹትን፣ ለዘላለም የጠፋ የመሰላቸውን ደብዳቤ በእጁ ሊይዝ ይችላል፤ ለመመለስም ዋጋ ይጠይቃል፤ ዋጋውም ሌላ የሚቃጠል ነገር ነው።

የመጀመሪያውን ምልክት ትንሽ ያድርጉት። ምድጃው ከጠፋ ሳምንት ባለፈው ቤት ውስጥ ጠዋት ጠዋት በመስኮቱ መስታወት ላይ አዲስ ጥቀርሻ ይገኝ፤ የቤቱ እመቤት በየቀኑ ትጥረገው። በአራተኛው ቀን ጀብደኞቹ ሲደርሱ በጥቀርሻው ላይ በጣት የተጻፈ ግማሽ መስመር ይዩ፤ እመቤቲቱም የእጅ ጽሕፈቱ የማን እንደሆነ ታውቀው።